ለወገብ ሕመም አልጋ መድኃኒት አይደለም



በጋፋትና በአካባቢዋ ወገቡን አሞት የማያውቅ ገበሬ ማግኘት ያስቸግራል። ክረምት ሲገባ ጎንበስ ብሎ ማረም አለ። መኸር ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ማጨድ አለ። ድንች በዶማ ይቆፈራል። የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክሞ ደብረ ታቦር ገበያ ማድረስ አለ። እናቶች ደግሞ ውኃ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ፣ ልጅ ያዝላሉ። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ ውኃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል። ይኸ በየቀኑ ጀርባ ላይ ይወጣል።

ዕድሜ ሲገፋ ይኸ ሁሉ ልፋት ወገብ ላይ ይታያል። ጧት ሲነሡ ወገብ ይደርቃል። ጎንበስ ብሎ ቀና ማለት ያስቸግራል። ያን ጊዜ ከቤተ ዘመድም ከጎረቤትም የሚመጣው ምክር አንድ ዐይነት ነው። «ይተኙ። ይረፉ። ከእንግዲህ ሥራ ይብቃዎት» ይባላል።

ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። ግን ብዙ ጊዜ ይጎዳል። ለምን እንደሚጎዳ፣ በምትኩስ ምን መደረግ እንዳለበት የዛሬው ጽሑፋችን ያስረዳል።

ወገብ እንዴት ተሠራ?

የጀርባችን አጥንት እንደ ዘንግ አንድ ወጥ አይደለም። ከአንገት እስከ ወገብ 24 አጥንቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ይቆማሉ። እያንዳንዱ አጥንት አንጓ ይባላል። በአንጓዎቹ መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግል ለስላሳ ነገር አለ። ከኋላቸው ባለው ቀዳዳ ኅብለ ሰረሰር የሚባል የነርቭ ገመድ ያልፋል። እግራችንን የሚያዘውና ሽንታችንን የሚያስቋጥረን ይኸ ገመድ ነው።

እስቲ በሠርግና በለቅሶ የሚተከለውን ድንኳን አስቡ። ምሰሶው ብቻውን አይቆምም። ዙሪያውን ገመድ ይወጥረዋል። ገመዱ ሲላላ ምሰሶው ያዘነብላል። የጀርባ አጥንትም እንዲሁ ነው። ገመዶቹ የሆድ፣ የጀርባና የዳሌ ጡንቻዎች ናቸው። ጡንቻ በሥራ ይጠነክራል። ሥራ ሲፈታ ይላላል።

ዕድሜ ሲገፋ በአንጓዎቹ መካከል ያለው ትራስ ይሳሳል። ይኸ እንደ ፀጉር መሸበት ነው፤ በሁሉም ሰው ላይ ይመጣል። መሳሳቱ ብቻውን ሰውን አልጋ ላይ አይጥልም። ወገባቸውን ከሚያማቸው 10 ሰዎች በ9ኙ ላይ ሐኪም ቢመረምር «ሕመሙ የመጣው ከዚህ ነው» ብሎ የሚያሳየው ስብራት ወይም በሽታ አያገኝም። ሕመሙ ግን እውነተኛ ሕመም ነው። ደግነቱ፣ በድንገት የሚይዝ የወገብ ሕመም በብዙ ሰው ላይ በ6 ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል።

ይኸ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገለጸው በፈረንጆች 2020 ዓመት በመላው ዓለም 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው።

ተኝቶ መዋል ለምን አይበጅም?

ፊንላንድ በሰሜን አውሮፓ የምትገኝ አገር ናት። በዋና ከተማዋ በሄልሲንኪ ሐኪሞች አንድ ምርመራ አድርገዋል። ወገባቸውን በድንገት የያዛቸውን 186 ሠራተኞች በሦስት ቡድን ከፈሉ። የመጀመሪያው ቡድን ሁለት ቀን ሙሉ እንዲተኛ ታዘዘ። ሁለተኛው ልዩ የጀርባ እንቅስቃሴ እንዲሠራ ታዘዘ። ሦስተኛው ደግሞ ሕመሙ በፈቀደለት መጠን የዕለት ተዕለት ሥራውን እንዲቀጥል ተነገረው። ውጤቱ በ1987 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ከሁሉም የተሻለው ሥራውን የቀጠለው ቡድን ነበር። ከሁሉም የዘገየው የተኛው ቡድን ነበር።

ሌላም ምርመራ አለ። በአሜሪካ ጤነኛ የሆኑ 12 አረጋውያን 10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። ውጤቱ የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዐሥር ቀን ውስጥ ከእግራቸው ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ ቀለጠ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ያልታመሙ ነበሩ። የሚበሉት አላጡም። ያጡት መንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ወጣት የቀለጠ ጡንቻውን ቶሎ ይመልሳል። ሽማግሌ ግን ለመመለስ ብዙ ይቸገራል። ስለዚህ አልጋ ለአረጋዊ ዕረፍት ይመስላል እንጂ ጉልበት ይወስዳል። ሕመሙ ሲጸና አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ጋደም ማለት ክፉ አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን ቀስ ብሎ መነሣት ያስፈልጋል።

«እኛ እያለን አባታችን ይልፋ?»

ይኸን ነገር በንባብ ክፍላችን አንስተን ተወያይተንበታል። ከተማሪዎቻችን አንዱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ወገባቸውን ሲያማቸው ልጆቻቸው እርፉን ተቀበሏቸው። ቀጥለው ከብት መጠበቁን ለልጅ ልጅ ሰጡ። ቀጥለው አጥር ማጠሩን ከለከሏቸው። በመጨረሻ አባት መደብ ላይ ተቀምጠው መዋል ሆነ። ምግብ ይቀርብላቸዋል። ማታ እግራቸው ይታጠባል። ክብር አልጎደለባቸውም። ወገባቸው ግን አልተሻለም። ይባስ ብሎ ከመደብ ለመነሣት የሰው እጅ መፈለግ ጀመሩ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በበቅሎ ሆነ።

ታላቅ ልጃቸውም አብሮን ይማራል። የመተኛትን ጉዳት ስናነብ ደስ አላለውም።

«እኛ እያለን አባታችን ከብት ሲከተሉ ሰው ቢያይ ምን ይለናል?» አለ። «ጧሪ የላቸውም ይላል። እኔ ይኸን ስም አልሸከምም።»

ብዙዎች በሐሳቡ ተስማሙ። አንዲት እናት ግን እጃቸውን አነሡ።

«አማቴ እስከ ሰማንያ ዓመታቸው ጥጥ ሲፈትሉ፣ ደጅ ሲጠርጉ ኖረው ነው ያረፉት። ጧሪ አጥተው አይደለም። እሳቸውን ማን ያስቀምጣቸዋል?» አሉ። ክፍሉ ሳቀ።

አባት ዝም ብለው ቆይተው ነበር። በኋላ እንዲህ አሉ።

«ልጆቼ አልበደሉኝም። እህል ውኃ አልነፈጉኝም። ግን ያረጀሁት እርፉን የተቀበሉኝ ቀን አይደለም። ከብቱን የተቀበሉኝ ቀን ነው። እርፉ ከብዶኝ ነበር። ከብቱ አልከበደኝም።»

ልጅየው መልስ አልሰጠም። በሳምንቱ ግን ጥጆቹን ጧትና ማታ የሚያግዱት አባት እንዲሆኑ ቤት ውስጥ ተስማሙ። እርሻው ከልጆቹ ጋር ቀረ። ዛሬ አባት ብርድ ባለበት ጧት ወገባቸውን ያማቸዋል። ነገር ግን ምሰሶውን ይዘው ራሳቸው ይነሣሉ። ቤተ ክርስቲያንም ከዘራ ይዘው፣ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ዐረፍ ብለው በእግራቸው ይደርሳሉ። የአጥሩን ነገር እስካሁን አልተስማሙበትም።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ከባዱን ሥራ ከአረጋዊ መቀበል መጦር ነው። ቀላሉንም ጨምሮ መቀበል ግን የቀረውን ጉልበት መቀማት ነው።

ከባዱስ እንዴት ይቅለል?

ጋፋት ስለ ከባድ ሸክም ብዙ ታውቃለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ያሠሩት እዚሁ ጋፋት ነው። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይጠጋል። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስ ወራት ፈጅቷል። የጎተቱት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ድካሙም ብርቱ ነበር። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ ይታያል።

ያ ብረት ተራራውን የወጣው በአንድ ሰው ጀርባ አይደለም። በሦስት ነገር ነው። መንኰራኩር ነበረው። ፊት ፊቱ መንገድ ይጠረግ ነበር። ጉልበቱም የብዙ ሰው ነበር። የቤታችንንም ሸክም በእነዚሁ ሦስት ነገሮች ማቅለል እንችላለን።

ሀ. መንኰራኩር፦ ጋሪ ባለበት ጋሪ፣ አህያ ባለበት አህያ ይሸከም። ሰው ለመንዳት ይሂድ።

ለ. መንገድ፦ በቤትና በደጅ መካከል ያለውን ድንጋይ አንሡ። ጭቃ የሚያንሸራትትበት ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉ። ሽማግሌን ከሸክም ይልቅ መውደቅ ይጎዳዋል።

ሐ. የብዙ ሰው ጉልበት፦ ለአጨዳውና ለአረሙ ደቦና ወንፈል አለን። ለውኃውም እንተባበር። አንዲት እናት 20 ሊትር ከምትሸከም ሁለት ሰው ዐሥር ዐሥር ሊትር ቢሸከም ይሻላል። ውኃ መቅዳት የሴት ሥራ ብቻ ነው ያለው ማነው? የወንድም ጀርባ ውኃ ይሸከማል።

የግድ ማንሣት ሲመጣ ደግሞ እንዲህ እናድርግ።

1. ወደ ዕቃው ቀረብ ብለን እንቁም። እግራችንን ከፈት እናድርግ።
2. ጉልበታችንን አጥፈን ዝቅ እንበል።
3. ዕቃውን ከሆዳችን ጋር አስጠግተን፣ በእግራችን ጉልበት ቀስ ብለን እንነሣ።
4. ዕቃ ይዘን ወገባችንን አንጠምዝዝ። መዞር ብንፈልግ በእግራችን እንዙር።

አረምና አጨዳ ላይ አንድ ቦታ ጎንብሶ መቆየት ነው የሚጎዳው። ስለዚህ አንድ ትልም በጨረስን ቁጥር ቀና እንበል። እጃችንን ወገባችን ላይ አድርገን ወደ ኋላ ለጠጥ እንበል። አንዳንዴ ተንበርክከን እንረም። ይኸ ስንፍና አይደለም። ለነገም ወገብ ማስቀመጥ ነው።

አረጋውያን በየቀኑ ምን ይሥሩ?

የዓለም የጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ይኸም በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ ደግሞ ሦስት ቀን ያስፈልጋል ይላል። ለዚህ ገንዘብም መሣሪያም አይጠይቅም።

ሀ. መራመድ። ከትንሽ ይጀምሩ። ዛሬ እስከ ጎረቤት ደጅ፣ በሳምንቱ እስከ ወንዙ ይድረሱ። ትንፋሽ ከፍ ይበል፤ መነጋገር ግን አያቅት። መነጋገር ካቃተዎት ዝግ ይበሉ። አገራችን ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ ከዘራ ይያዙ። ከዘራ የደካማ ምልክት አይደለም።

ለ. ከመደብ መነሣትና መቀመጥ። መደብ ላይ ይቀመጡ። ከቻሉ በእጅ ሳይደገፉ ቀስ ብለው ይነሡ። ቀስ ብለው ይቀመጡ። አምስት ጊዜ ይደጋግሙ። እየለመዱ ሲሄዱ ዐሥር ያድርሱት።

ሐ. በጣት መቆም። ምሰሶ ወይም ግድግዳ ይያዙ። ተረከዝዎን አንሥተው በእግርዎ ጣቶች ይቁሙ። ቀስ ብለው ይውረዱ። ዐሥር ጊዜ።

መ. በአንድ እግር መቆም። ምሰሶውን እንደያዙ አንዱን እግር ያንሡ። እስከ ዐሥር ይቁጠሩ። እግር ይለውጡ። ይኸ ከመውደቅ ያድናል።

ሠ. ዳሌ ማንሣት። በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን ይጠፉ። የእግርዎ መዳፍ መሬት ይርገጥ። ዳሌዎን ከፍ አድርገው እስከ አምስት ይቁጠሩ። ይመልሱት።

ረ. ጉልበት ወደ ደረት መሳብ። እንደተኙ አንዱን ጉልበት በሁለት እጅ ይዘው ቀስ ብለው ወደ ደረትዎ ይሳቡ። ቆይተው ይልቀቁ። ጧት ከመነሣት በፊት ይኸን ማድረግ የደረቀ ወገብን ያላላል።

ሲሠሩ ትንሽ ማመሙ አያስደንግጥ። ሕመሙ በዚያው ቀን ከተመለሰ ሥራው ልክ ነው። በማግስቱ ብሶ ከዋለ በዝቷል ማለት ነው፤ ይቀንሱ፣ ግን አይተዉት።

ስግደትም ሶላትም ለለመደው ሰው እንቅስቃሴ ነው። መጎንበስ የጸናበት ሰው እንዴት እንደሚያደርግ ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኹ ጋር ይመካከር።

አሁን መጻፍ ስለቻልን ደብተራችን ይርዳን። እንዲህ ብለን እንመዝግብ።

ሰኞ፦ እስከ ወንዝ ሄድኩ። ወገቤን ትንሽ አመመኝ።
ማክሰኞ፦ ከመደብ 5 ጊዜ ተነሣሁ።
ረቡዕ፦ እስከ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አንድ ጊዜ ዐረፍኩ።

በወሩ መጨረሻ የመጀመሪያውን ገጽ ብናነብ ምን ያህል እንደተሻለን ራሳችን እናያለን። ሐኪም ቢጠይቀንም መልሱ በእጃችን ነው።

ስለ ኪኒን፣ ስለ ቀበቶና ስለ ወጌሻ

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉ የሕመም ማስታገሻዎች አሉ። ለጥቂት ቀን ሕመም ያቀልላሉ። ብዙ ከተወሰዱ ግን በተለይ በአረጋዊ ላይ ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ የደም ግፊት ይጨምራሉ። ስለዚህ ከጎረቤት ኪኒን አንዋስ። የጤና ባለሙያ ይዘዝልን።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ እንቅስቃሴንና ትምህርትን መክሯል። የወገብ ቀበቶ እንደ ሕክምና እንዳይታዘዝ ደግሞ አሳስቧል። እናቶች ስለ መቀነት ጠይቀውናል። መቀነት ልብስ ነው፤ ይታጠቁት። ግን «ታጥቄያለሁ» ብለው ሸክም አይጨምሩበት።

ወገብን በሙቅ ጨርቅ መተኮስ፣ በቅቤ ቀስ አድርጎ ማሸት ለጊዜው ያሳርፋል፤ ክፋት የለውም። ወጌሻ በኃይል ሲጠመዝዝ ወይም ሰው ጀርባ ላይ ሲያስረግጥ ግን አደጋ አለው። የአረጋዊ አጥንት የሳሳ ስለሚሆን ሊሰበር ይችላል። በጋለ ብረት መተኮስ ቁስል ይጨምራል እንጂ አያድንም። ምላጭ እየተዋሱ ዋግምት መታገምም በሽታ ያስተላልፋል።

ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ የሚያስሄዱ ምልክቶች

ከዐሥር አንዱ ሰው ላይ የወገብ ሕመም ሌላ በሽታ ደብቆ ሊመጣ ይችላል። ከሚከተሉት አንዱ ከታየ «ይለቀኛል» ብሎ መቆየት አይገባም።

1. ሽንት ወይም ሰገራ አልወጣ ማለት ወይም ሳያውቁት ማምለጥ፤
2. በሁለት እግር መካከል መደንዘዝ፤
3. እግር መዛል ወይም መጎተት፤
4. ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፤
5. በጀርባ አጥንት ላይ አዲስ እብጠት ወይም ጉብታ፤
6. ከወደቁ በኋላ የመጣ ብርቱ ሕመም፤
7. ተኝተውም ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ የማይለቅ ሕመም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ኅብለ ሰረሰር ወይም ከእሱ የሚወጡት ነርቮች ተጭነዋል ማለት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሲታዩ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ከዘገየ እግር ሽባ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ቲቢ ወይም የሳንባ ነቀርሳ የምንለው በሽታ የጀርባ አጥንትንም ይይዛል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ያልፈላ ወተት ከመጠጣት የሚመጣ በሽታም ትኩሳትና የወገብ ሕመም ያስከትላል። ስለዚህ ወተት አፍልተን እንጠጣ።

ምልክቶቹን የማያውቅ ሰው በቀበሌው ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይጠይቅ። ይኸ አገልግሎት በአገራችን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ጤና ኬላው ወደ ጤና ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያው ደግሞ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይልካል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ልጆች ሆይ፣ ወላጆቻችሁን ከሥራ ሁሉ አታውጡ። «ምን ይከብድዎታል? ምንስ ይቀልዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። የከበደውን ተቀበሉ። የቀለለውን ተዉላቸው።

እናቶችና አባቶች፣ ወገባችሁን ሲያማችሁ አትደብቁ። የከበዳችሁን ንገሩ። የሚቻላችሁን ግን አትልቀቁ። ይኸን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት ዛሬ ማታ አንብቡለት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አረጋዊ ብዙ ቀን ሲተኛ በጡንቻው ላይ ምን ይደርሳል?
2. በቤታችሁ ያሉ አረጋውያን የትኛው ሥራ ከብዷቸዋል? የትኛው ይቀላቸዋል?
3. በመንደራችሁ ውኃና እንጨት መሸከምን እንዴት ማቅለል ይቻላል?
4. በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል የሚያስሄዱት ሦስት ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?
5. ልጅየው «ጧሪ የላቸውም ይባላል» ማለቱ ልክ ነው ትላላችሁ? ለምን?

የአዳዲስ ቃላት ፍች

አንጓ፦ ከጀርባ አጥንቶች አንዱ።
ጡንቻ፦ አጥንትን የሚያንቀሳቅስ ሥጋ።
ኅብለ ሰረሰር፦ በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፍ የነርቭ ገመድ።
አረጋዊ፦ ዕድሜው የገፋ ሰው። ሲበዙ አረጋውያን ይባላሉ።